ሞተሩ ላይ የመታነው ቁጥር

ባለቤቴ አሮጌ መኪና ልግዛ ብሎ የተነሣው እጁ መንቀጥቀጥ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ነው። መጀመሪያ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ብቻ ነበረች። ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ዜና ሲያይ፣ መቁጠሪያ እንደያዘ መነኩሴ ከሌባ ጣቱ ጋር ትፋተጋለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሳትነግረኝ መነኮስክ እንዴ?» እያልኩ አሾፍበት ነበር። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ከነገረን በኋላ ግን ቀልዱን ተውኩት።

መካኒክ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አዲስ አበባ ጋራዥ ገብቶ ቁልፍ ማቀበል የጀመረ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከመጣንም ወዲህ ሌላ ሥራ ያልነካ ሰው። እጁ ሲከዳው ማንም አላባረረውም፤ ራሱ ነው ለአለቃው ሄዶ የነገረው። «ፍሬን የሚያስር እጅ መንቀጥቀጥ የለበትም፤ ሰው ይሞታል» ብሎ የመሣሪያ ሣጥኑን ጭኖ መጣ። ያን ቀን ፋልከንሪጅ ሰፈር ካለው ቤታችን ጓሮ፣ ጋራዡ ውስጥ ሣጥኑን አስቀምጦ ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ሻይ ይዤለት ስሄድ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም።

«አንድ መኪና ይቀረኛል» አለኝ። «እጄ ጨርሶ ሳይከዳኝ፣ አንዷን ከሥር እስከ ላይ ሠርቼ ማቆም እፈልጋለሁ። ከዚያ የፈለገው ይሁን።»

የሚላት መኪና የትኛዋ እንደሆነች አውቃለሁ። እዚህ አገር መስል ካር ይሏታል፤ አሜሪካኖች በስልሳዎቹ መጨረሻ የሠሯት፣ ባለ ሁለት በር፣ ኮፈኗ እንደ ጀልባ የረዘመ፣ ስትነሣ የጎረቤት መስኮት የምታንቀጠቅጥ። ልጅ ሳለ እሱ የሚሠራበት ጋራዥ አንዲት ገብታ ነበር አሉ። አለቃው ጎማዋን ከማጠብ በቀር እንዳይነካት ከልክሎት ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን ቂም ይዞ ኖሯል።

መጀመሪያ ያየናት መኪና ከተማው ደቡብ ጫፍ፣ ወለሉ ላይ ምሳ ሊበላበት የሚቻል ንጹሕ ጋራዥ ውስጥ ነበረች። ቀይ ናት፤ ጥቁር መስመር ከኮፈኗ እስከ ጭራዋ ወርዶላታል። የኔን ዓይን እንኳን ያዘችው። ሰውየው ቁልፉን አዙሮ ሲያስነሣት ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ከዚያ ምንም ሳንጠይቀው፣ «ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ይህቺ ክሎን ናት» አለ።

«ክሎን ማለት?» አለኝ ባለቤቴ።

ሰውየውን ጠየቅኩት፤ አስረዳኝ። ከፋብሪካ ስትወጣ ትንሽ ሞተር ያላት ተራ መኪና ነበረች። ኋላ ሌላ ሰው ትልቁን ሞተር ጫነላት፣ መስመሩን ቀባላት፣ የባለ ትልቅ ሞተሮቹን ምልክት ለጠፈላት። ለነጂው ልዩነት የለውም፤ እንዲያውም ያለ ሥጋት ይነዳታል። እውነተኛዋ ግን ሞተሯ ላይ ፋብሪካው የመታው ቁጥር ከአካሏ ቁጥር ጋር የሚገጥም ናት፤ ነምበርስ ማቺንግ የሚሏት።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ፣ «ኮስማና ሆና ነው የተወለደችው፤ ኋላ ነው ያፈረጠሟት» ብዬ ጨረስኩለት።

ሳቀ። «የሰው ኒሻን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሠርግ የሚሄድ ወታደር ናት በላ!»

«ምን አለበት? ቆንጆ ናት፣ ትነሣለች፣ ትሄዳለች። አንተስ ብትሆን የስንቱን ሞተር ስንቱ ላይ ስትጭን አይደል የኖርከው?»

«ለዚሁ እኮ ነው፣ እመቤቴ። ዕድሜዬን በሙሉ የአንዱን ልብ አውጥቼ ለሌላው ስተክል ኖርኩ። አሁን አንዷን እናቷ እንደወለደቻት አግኝቼ ማቆም ነው የምፈልገው። ደግሞ ለልጃችን ስተውላት ‹አባትሽ የሠራት እውነተኛዋን ነው› እንድትባል።»

ምነው ያቺን ቀይ መኪና በገዛንና በቀረን!

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በሱ ነውና። እንግሊዝኛ ክፍል ገብቼ አልተማርኩም። የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ከአሮጊቶቹ አፍ ነው የለቀምኩት። የቤታችንም የጎረቤትም አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ማርቲንዴል ሰፈር ያለች ወዳጄ የልጇ ትምህርት ቤት ሲጠራት ይዛኝ ትሄዳለች። አስተማሪዋ ሃያ ደቂቃ ትናገራለች፤ እኔ ዞር ብዬ፣ «ልጅሽ ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ወሬ ያበዛል ነው የምትለው» እላታለሁ። «ይቺን ለማለት ነው ይሄ ሁሉ?» ትለኛለች። «ፈረንጅ እኮ ነገር ያስረዝማል» እላታለሁ። ተሳስቀን እንወጣለን። መራራውን አስቀርቶ፣ ረጅሙን አሳጥሮ ማቀበል ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሁላችንም እንዲሁ ነው የምናስተረጉመው። ሰው ፊት ቆሞ የሌላውን ቃል አንድ በአንድ መመለስ የመዝጋቢ እንጂ የወዳጅ ሥራ አይመስለንም።

እውነተኛዋን ያገኘናት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ከከተማው በስተምሥራቅ ሁለት ሰዓት ነድተን፣ ስንዴው ታጭዶ ባዶውን የቀረ ሜዳ መሐል አንድ የእርሻ ቤት ደረስን። ገበሬው ረጅም ሽማግሌ ነው፤ ጆሮው ላይ የሚወርድ ቆብ አድርጓል። መኪናዋ የታናሽ ወንድሙ ነበረች። ወንድሙ አዲስ ሆና ነው የገዛት፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ከድርቆሽ ማስቀመጫው አልወጣችም። አረንጓዴ ቀለሟ እንደ ቅርፊት ይላጣል። አይጥ ወንበሯ ውስጥ ወልዳለች። እኔ አፍንጫዬን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ባለቤቴ ግን ታቦት እንዳየ ሰው ቆቡን አወለቀ።

ገበሬው ኮፈኗን ከፈተና ሞተሩ ላይ ባትሪ አበራ። ሁለት ጣት የምታህል ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቁጥር አለ። ደብዛዛ ነው፣ ጠማማ ነው፣ አንደኛው አኃዝ ዝገት በልቶት ግማሹ ነው የቀረው። ባለቤቴ ዓይኑ ስላልደረሰለት በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ የአካሏን ቁጥር አየ፤ ገበሬው ካመጣው ያረጀ ወረቀት ጋር አስተያየ። ከመኪናዋ ሥር ሲወጣ ጉልበቱ ላይ ድርቆሽ ተለጥፎ ነበር።

«እውነተኛ ናት» አለኝ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ እጁ ግን ያን ሰዓት አልተንቀጠቀጠም።

ተሸጠች። ተጎታቹ ላይ ጭነን ስናስር፣ ገበሬው ወደኔ መጥቶ መናገር ጀመረ። ነፋሱ ፊት ያቃጥላል፤ ዓይኔ ያነባል፤ ጣቶቼ ጓንት ውስጥ ደንዝዘዋል። የሚናገረው ግን አያልቅም። ባለቤቴ ከወዲያ ማዶ ሰንሰለቱን ይዞ፣ «ምን አለ?» አለኝ።

«የወንድሜ ናት፣ በደንብ ያዙልኝ ነው የሚለው።»

ባለቤቴ ሰንሰለቱን ለቀቀ። ዞሮ መጥቶ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ለገበሬው ጎንበስ አለ። ሽማግሌው መልእክቱ የደረሰ መሰለው። ፊቱ ፈታ ብሎ የባለቤቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው።

ያን ክረምት ጋራዥ ውስጥ ነው ያሳለፍነው። ውጭ ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ሲሆን፣ ትንሿ ማሞቂያ እግራችንን ብቻ ታሞቃለች። መድኃኒቱን በዋጠ በግማሽ ሰዓት እጁ ይረጋል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የድሮው እጅ ይሆናል። ረቂቁን ሥራ ለዚያች ሰዓት እናቆየዋለን። የቀረውን ጊዜ እኔ እፈታለሁ፣ እፍቃለሁ፣ እሱ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ያዛል።

«መብራቱን ያዥ አልኩሽ እንጂ እቀፊው አልኩሽ?»

«በርዶኛል!»

«እንዲህ ያለ ረዳት በኔ ጊዜ ቢሆን ገና ድሮ በካቻቢቴ እጀታ ጭንቅላቱን ተብሏል።»

«በኔ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ያለ ባል ምሳ አያገኝም ነበር።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር፣ ሥራውን ያየሁት ያኔ ነው። ዝገት የበላውን ቆርጦ አዲስ ቆርቆሮ ሲበይድ፣ ስፌቱ የት እንዳለ እኔ ፊቱ ቆሜ ማግኘት ያቅተኛል።

መጋቢት ላይ ሞተሩን አውጥተን ማቆሚያው ላይ ሰቀልነው። አጥቤ ስጨርስ ባለቤቴ ቁጥሩን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ እኮ አይነበብም። ነገ የሚመረምራት ሰው ምን ሊለን ነው?»

በሱ አገር፣ በሱ ሙያ፣ የሞተር ቁጥር መነበብ አለበት። አዲስ አበባ መኪና በየዓመቱ ሲመረመር የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ መኪናው ይታሠራል፤ ባለቤቱ ሲንከራተት ይከርማል። ዝገት ቁጥሩን ከበላው፣ ቢሮው ደብዳቤ ይጽፋል፣ መካኒኩ ቦታውን ሞርዶ ያንኑ ቁጥር መልሶ ይመታል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የታመነ መካኒክ ብቻ የሚሠራው ሥራ ነው። ባለቤቴ በሙያው ከሚኮራባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ቁጥር የሚያስመቱ ሰዎች ከሌላ ጋራዥ ሳይቀር እሱ ዘንድ ይላኩ ነበር።

የቁጥር መምቻ ብረቶች አስመጣ። አንድ ቅዳሜ፣ መድኃኒቱን ውጦ፣ ሰዓቱን አይቶ ሞረዱን አነሣ።

የገበሬው ነገር ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ትዝ ብሎኛል። ሞረዱ ቦታውን ሁለቴ ሦስቴ ከላሰው በኋላ፣ ብረቱ ከዝገቱ ሥር ነጭ ሆኖ ብቅ ሲል፣ የሽማግሌው ድምፅ ነፋሱ ሁሉ ሳይቀር ጆሮዬ ላይ መጣ። አፌን ከፈትኩ። ቀና ብሎ አየኝና ሳቀልኝ። ዘግይቷል አልኩ በሆዴ። ደግሞ የአንድ ገበሬ ወግ ነው፣ እሱ የሚሠራውን ያውቃል አልኩ። አፌን ዘጋሁ።

«አንብቢልኝ» አለኝ። ወረቀቱን ይዤ አንድ በአንድ አነበብኩለት። አንዱን አኃዝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመታው፤ ሁለተኛ ከተመታ ጥላ ይወጣዋል። መዶሻው ሲያርፍ ድምፁ አጭር ነው። ሲጨርስ ማስመሪያ አምጥቶ አስደገፈበት፤ እንደ መጽሐፍ ጽሕፈት ቀጥ ብሏል። ላቡን በክንዱ ጠርጎ እጁን ዘረጋልኝ።

«አየሽው? አልከዳኝም።»

እውነቱን ለመናገር ከሠርጋችን ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም።

ግንቦት ላይ መኪናዋ አለቀች። ኢንሹራንስ ለማስገባት ገማች መጥታ፣ እውነተኛ ናት ወይስ ክሎን ብላ መጻፍ አለባት። የመጣችው ሸንቃጣ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረች ትንሽ መስታወትና አጉሊ መነጽር ይዛለች። ባለቤቴ ሸሚዝ ቀይሮ፣ ጢሙን ተላጭቶ ነው የጠበቃት። አንድ ሰዓት ዞረቻት። ብየዳውን በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ይህን የሠራው እሱ ነው?» ትለኛለች፤ አዎ ስላት በአድናቆት ታፏጫለች። ባለቤቴ ፉጨቱን ያለ አስተርጓሚ ገባው።

ከዚያ ሞተሩ ላይ አጎነበሰች። ቆየች። መነጽሯን ጠርጋ እንደገና አጎነበሰች። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ነበር።

«ይህን ቁጥር ማነው የነካው?»

ባለቤቴ «ነምበር» ማለቷን ሰማ። ደረቱን በመዳፉ መታ፤ «ሚ! ማይ ሃንድ!» አላት፤ እየሳቀ።

ሴትዮዋ ብዕሯን ኪሷ ከተተች። ወደኔ ዞራ ቀስ ብላ ተናገረች። ፋብሪካው ያን ቦታ ሲያስተካክል እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ጥሎበት ያልፋል፤ ቁጥሩም በጥድፊያ ስለሚመታ ይጣመማል። እውነተኛነቱን የሚናገሩት እነዚያ መስመሮችና ያ መጣመም ናቸው። እዚህ ግን መስመር የለም፤ ቁጥሩ ደግሞ ከልክ በላይ ቀጥ ብሏል። እንዲህ የሚያደርጉት ክሎኑን እውነተኛ ነው ብለው የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። «ባልሽን ሌባ አላልኩም» አለች። «ግን ክሎን ብዬ ነው የምጽፈው።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላሳጥር፣ ሳላለሰልስ አስተረጎምኩ።

ባለቤቴ ጆሮውን አላመነም። «ያንኑ ቁጥር ነው እኮ የመታሁት! ወረቀቱን አሳያት! በኛ ሙያ እንዲህ እንደሚደረግ ንገሪያት!» ነገርኳት። አዳመጠችኝ፣ ራሷን ነቀነቀች። «አምነዋለሁ» አለች። «የምጽፈው ግን የማምነውን ሳይሆን ብረቱ የሚለውን ነው።» ከዚያ፣ እንደ ማዘንም እንደ መገረምም ብላ፣ አንድ ነገር ጨመረች።

«ምን አለች?» አለ ባለቤቴ።

«የሸጠላችሁ ሰው አልነገራችሁም ወይ ነው ያለችው።»

«አልነገረንም በያት።»

ወረቀቱን አጣጠፍኩት።

«በያታ!»

«ነግሮናል» አልኩት። «ለኔ ነግሮኝ ነበር።»

አልጮኸም። ጨርቅ አነሣና ምንም ያልነካውን እጁን ይጠርግ ጀመር። «ምን ብሎ?» አለኝ። ከሰባት ወር በኋላ፣ ሴትዮዋ የማይገባትን ቋንቋ እያዳመጠች ቆማ፣ ሽማግሌው ያለውን ሁሉ ነገርኩት። ይህች መኪና እውነተኛ ለመሆኗ ምስክሯ ይህ አስቀያሚ ቁጥር ብቻ ነው ማለቱን። ሞረድ አይንካው፣ ቀለም አይንካው፣ አስቀያሚነቱን ተዉለት ማለቱን። አንድ ሰው ላጥራልህ ብሎት እንዳባረረው። ወንድሙ ቢያይ ያዝን ነበር ማለቱን።

«ይሄ ሁሉ ነበር?»

«ብርዱ...» አልኩ። «ነፋሱ...»

«እኔ እኮ» አለ፣ «እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቃል ገባሁለት።»

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገረም። ይናገራል፤ ጨው አቀብይኝ ይላል፣ በሩን ዘጋሽው ወይ ይላል። የሚጎዳኝም ይኸው ነው። ሰኔ ላይ ልጃችን ከሥራ ስትመጣ ጠብቆ የሽያጭ ማስታወቂያ አጻፋት።

«አባዬ፣ እኔ እኮ አልፈልግም እንድትሸጣት። ክሎንም ብትሆን ኦኬ ነው፣ ሲሪየስሊ። አንተ ሠርተሃታላ።»

«ውሸት አላወርስሽም» አላት። «ክሎን ብለሽ ጻፊ።»

ገዢው ሲመጣ ባለቤቴ እኔን አልጠራኝም። ልጃችንን ነው ይዞ የወጣው። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ በመስኮት አያለሁ። ባለቤቴ ሞተሩን እያሳየ ብዙ ተናገረ። ልጃችን አማርኛዋ ሲያጥርባት ታስቆመዋለች፤ «ሞረድ» ምን እንደሆነ አልገባትም መሰለኝ፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ አየር ላይ ሲሞርድ አየሁት። ገዢው ትከሻውን ነቅንቆ ቁልፉን ተቀበለ። መኪናዋ ጎዳናው ጫፍ ላይ ታጥፋ ድምፅዋ እስኪጠፋ ድረስ አባትና ልጅ ቆመው ቀሩ።

«ምን አለው?» ብዬ ልጄን ጠየቅኳት።

«ሁሉንም፣ እማዬ። ቁጥሩን ራሱ እንደመታው፣ ለምን እንደመታው። አንድም ነገር እንዳላስቀር አስምሎኝ ነው የወጣነው።» ዓይኔን እያየች አልነበረም።

መስከረም ላይ ሐኪም ቀጠሮ ነበረው። እንደ ሁልጊዜው እኔ ነዳሁ፣ እኔ ካርዱን ሰጠሁ፣ አብሬው ገባሁ። ሐኪሙ ሰላም ብሎን፣ እንደለመደው ወንበሩን ወደኔ አዞረ። ባለቤቴ እጁን አነሣ።

«ኖ ዋይፍ» አለው። «ቴሌፎን።»

ሐኪሙ አየኝ። ባለቤቴን አየ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አድርጎ ለአስተርጓሚ ደወለ። አንዲት ሴት ጤና ይስጥልኝ አለች፤ የምትሰማውን ምስጢር እንደምትጠብቅ፣ የሚባለውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ እንደምታስተረጉም ተናገረች። የት ከተማ እንዳለች እንኳን አላውቅም። ባለቤቴ ወደ ስልኩ ተጠግቶ፣ «እሺ እህቴ» አላት።

ሸሚዙን መቆለፍ ካቃተው ሁለት ወር እንደሆነው ነገራት። ውኃ ሲጠጣ እንደሚያንቀው። ገላውን ሲታጠብ ሁለት ጊዜ ወድቆ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደቆየ። እየነገራት ዞር ብሎ አላየኝም።

«ባለቤትዎ ያውቃሉ?» አለች በስልኩ ያለችው ሴት፣ ሐኪሙን ተከትላ።

«አታውቅም።»

ካፖርቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ረጅም መልስ ሰጠ፤ ከዚህ በኋላ በሽታው ወዴት እንደሚሄድ፣ መድኃኒቱ ምን እንደማያቆም። እንግሊዝኛውን እኔ ከሱ በፊት ሰማሁት። ባለቤቴ ወደ ስልኩ ዘንበል ብሎ፣ ሴትዮዋ እስክትጀምር ይጠብቃል። እኔም አፌን ዘግቼ አብሬው ጠበቅኩ።